አፉ በጎማ የተሸፈነ ዕለት

የጥርስ ሐኪሟ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ተራ መጠበቂያው ስታይ፣ የድሮ አለቃዋ ያበጠ ጉንጩን በመሀረብ ደግፎ ተቀምጧል። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ደግ ደስታ ግን አልነበረም።

እንደተመረቀች የተቀጠረችው እሱ ክሊኒክ ነበር። አንድ ቀን የአንዲት መምህርት ጥርስ ሥር ሲያጸዳ፣ የያዛት ቀጭን መርፌ ጥምዝምዟ መላላቱን አየችና፣ «ዶክተር፣ ይቺ ትሰበራለች፤ ትቀየር» አለችው።

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ልታስተምሪ ነው?»

ወዲያው መርፌዋ ቀጭ አለችና ጫፏ ሥሩ ውስጥ ቀረ። መሰበሩስ ያጋጥማል፤ ለታካሚዋ ነግሮ፣ ራጅ አንስቶ መላ መፈለግ ይቻል ነበር። እሱ ግን ጭጭ ብሎ ደፈነው። መምህርቷ ፊቷ አብጦ ስትመለስ ደግሞ ጣቱን ወደ ወጣቷ ሐኪም ቀስሮ፣ «ያበላሸችው እሷ ናት» አለ። በዚያው ቀን አባረራት። ወሬው ቀድሟት እየሄደ የሚቀጥራት ጠፋ፤ የታመመች እናቷን ይዛ በየዘመዱ ቤት ተንከራተተች።

አሁን የራሷ ክሊኒክ አላት። ከኋላው የመጡትን ሁሉ አስቀድማ፣ መጨረሻ ላይ አስጠራችው።

«ሌላ ቦታ አበላሹብኝ ዶክተር፤ እጇ ጥሩ ነው ብለውኝ ነው» አለ። አላወቃትም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት።

አደነዘዘችለት። ምራቅ ወደ ጥርሱ እንዳይገባ፣ መሣሪያም ወደ ጉሮሮ እንዳይወድቅ ስስ ጎማ አፉ ላይ ወጠረች። ያኔ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ ፊቷን አሳየችውና መልሳ አጠለቀችው።

«ይሄን ጎማ እርስዎ ጋ ስሠራ አይቼው አላውቅም።»

ዓይኑ ፈጠጠ። ሐኪሟ፣ ረዳቷ እየሰማች፣ የዚያን ጊዜ ጉዱን ሁሉ ዘከዘከችው። እሱ ከጎማው ሥር «እ... እ...» አለ። እጇ ግን አልተዛነፈም፤ የሥሩን ርዝመት ለካች፣ በራጅ አረጋገጠች። አንዷ መርፌ ላላ ስትልባት ዓይኑ ሥር አቅርባ አሳየችውና ጣለቻት።

ጎማው ሲነሳ በደነዘዘ ከንፈሩ ተንተባተበ። «ያኔ... ልጆች ነበሩኝ።»

«እኔም እናት ነበረችኝ።»

«ይቅር በይኝ።»

«መጀመሪያ ለመምህርቷ ይንገሯት።»

ጥርሱን ለማስደፈን በቀጠሮው ሲመጣ መምህርቷ ጋ አልሄደም ነበር። እንደማይሄድ ሐኪሟ ገምታ፣ ራሷ አፈላልጋ፣ ደውላ ጠርታታለች። ሰው በሞላበት ተራ መጠበቂያ መምህርቷ ከአጠገቡ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ዶክተር የሚነግሩሽ ነገር አለ» አለች ሐኪሟ፣ በሩ ላይ ቆማ።

ላብ አጠመቀው። «መርፌዋን... የሰበርኳት እኔ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። መምህርቷ እስኪጨርስ አፍጥጣ አየችውና ወጥታ ሄደች።

ሐኪሟ አስገብታ ጥርሱን አሳምራ ደፈነችለት። ሲወጣ ረዳቷ፣ «አላበዛሽበትም?» አለቻት።

«አላበዛሁም» አለች፣ ጓንቷን እያወለቀች።