የሚኒስትሩ መግቢያ በር በእኔ ስልክ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ያን ዕለት የደነገጥሁትንም የሳቅሁትንም ስለማልረሳው ልንገራችሁ።

የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ሐይፋ ከተማ፣ ክርያት ሐይም የሚባል ሰፈር ነው። እኔ በሰፈሩ የሕዝብ አዳራሽ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ስልኬን ባይ የማላውቀው የዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ አስገብተውኛል። ዕብራይስጥ ማንበብ ስለማልችል የሕንፃችን ጎረቤቶች መሰሉኝ። ሰው መሃል ገብቶ ሰላም ሳይሉ መቀመጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ በአማርኛ፣ በድምፅ፣ "እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ? እግዚአብሔር ጤና ይስጣችሁ" ብዬ ላክሁ። አንዱ ቀይ ልብ መለሰልኝ። ደስ አለኝ።

ቤት ስደርስ ልጄ ሊያት አነበበችውና ዓይኗ ፈጠጠ።

"ኢማ፣ እናቴ፣ እነዚህ እኮ የመንግሥት ሰዎች ናቸው! ሐሙስ ሚኒስትሩ እናንተ አዳራሽ ይመጣል። በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ጠባቂዎቹ የት እንደሚቆሙ፣ ሁሉንም እዚህ ጽፈውታል።"

"እኔን ለምን አስገቡኝ?"

"እንደ አንቺ ያፋ የምትባል አለቃ ትኖራቸዋለች። ለዝግጅቱ የአዳራሹን ሠራተኞች ስልክ ስለያዙ፣ እሷን ሲፈልጉ የአንቺን ስም ነክተው ነው።"

ለእኔ የደረሰ ለሌላ ለማን አልደረሰም? ክፉ ሰው ቢያየውስ? ሐሙስ የሰፈሩ ሕፃናት በዚያው በር ቆመው ሊዘምሩ ነበር።

"ቤሰደር፣ እሺ በቃ፣ ዝም ብለሽ ከግሩፑ ውጪ" አለችኝ ሊያት።

"እኔ ብወጣ ሕፃናቱስ? ደግሞ ሰላም ብዬ ገብቼ ሳልሰናበት ልውጣ?"

በተሰባበረ ዕብራይስጤ በድምፅ ላክሁላቸው፦ "እኔ የጽዳት ሠራተኛዋ ያፋ ነኝ። የምትፈልጓት እኔ አይደለሁም። በሩን ቀይሩ፣ ሕፃናት አሉ። ደኅና ሁኑ።"

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አንድ ወጣት በአማርኛ አናገረኝ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ነው።

"እማማ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? ልቡን የላክሁት እኮ እኔ ነኝ! አዲሷ አለቃችን የእኛ ሰው ናት ብዬ ኮርቼ ነበር።"

"አይ ልጄ፣ እኔ የማዝዘው መጥረጊያዬን ብቻ ነው።"

ከት ብሎ ሳቀ። "በሩ ይቀየራል። ያዩትን ግን ለማንም አይንገሩ።"

"እኔስ አልናገርም። እናንተ ግን እንዲህ ያለውን በስልክ አትጻፉት!"

በማግሥቱ አዲስ ግሩፕ ከፈቱ። የድሮውን ሰዎች እንዳሉ ሲገለብጡ እኔንም ጨምረውኛል። ሊያት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም መጀመሪያ "እንደምን አደራችሁ" አልኋቸው፣ ቀጥዬ "አስወጡኝ" አልኋቸው።

ሐሙስ ዕለት ሚኒስትሩ በጓሮ በር ገቡ። ሕፃናቱም ዘምረው በሰላም ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

አሁን ሳስታውሰው እስቃለሁ። ይሁንና ትልቅ ሰው ወደ ሰፈራችን ይመጣል በተባለ ቁጥር፣ ሊያትን "እስኪ ስልኬን እይልኝ፣ ደግሞ አስገብተውኝ እንዳይሆን" እላታለሁ።