ሦስት እግርና አንድ ቆርቆሮ

መጋቢት 11 ቀን፣ ማክሰኞ። የጠረጴዛው አራተኛ እግር ከመላጊያው ጎን ተጋድሞ ቀረ። በእርሳስ ስድስት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ አምስቱ ተሰርዘዋል፤ አንዴም አልተቆረጠም። ጠረጴዛው ከተጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አናጢው በማግስቱ፣ ረቡዕ ማለዳ አረፉ።

ሰፈሩ «ጋሽ ሜትር» ይላቸው ነበር። ሜትራቸው ከኪሳቸው ስለማይጠፋ ብቻ አይደለም፤ ሰውንም ስለሚለኩ ነው። ጠረጴዛ ሊያሠራ የመጣን ሁሉ «ምን ልትሠራበት ነው?» ሳይሉ እንጨት አይነኩም። መልሱን ግን በጭራሽ አያምኑም። ከሦስት ወር በኋላ «እግሩ ላልቶ እንደሆን ልየው» በሚል ሰበብ ቤት ድረስ ይሄዳሉ። እንዲህ ሄደው ያላዩት ጉድ የለም። «ለንባብ» ብሎ ያሠራው አስተማሪ ልብስ ይተኩስበታል፤ የካውያው ጠባሳ መሐል ለመሐል ታትሟል፤ መጻሕፍቱ አልጋ ሥር ናቸው። ባለ ስድስት ሰው ያዘዙት ሙሽሮች የታጠበ ልብስ ቆልለውበት፣ እነሱ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ይበላሉ። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ደግሞ «ለከባድ ሥራ» ባሉት ጠረጴዛ ላይ ከምሳ በኋላ ግንባራቸውን ደፍተው ያንኮራፋሉ።

ጋሽ ሜትር አልታዘቧቸውም። ኃላፊው ሁለተኛ ጠረጴዛ ሲያዝዙ ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው፣ ጠርዙን አለስልሰው ሠሩላቸው።

«እንዴት ያለ ሥራ የሚያሠራ ጠረጴዛ ነው እባክዎ!» አሉ ኃላፊው፣ የወረቀት መያዣ ሽቦ ቅርጽ ጉንጫቸው ላይ እንደታተመ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሜትር የሚሠሩት ለሚባለው ሳይሆን ለሚደረገው ሆነ። ተሳስተውም አያውቁም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ባለቤታቸው ጠረጴዛ ሲጠይቋቸው ያችኑ ጥያቄ አቀረቡ።

«ምን ልትሠሪበት ነው?»

«ፊት ለፊት ተቀምጠን ምሳ ልንበላበት ነዋ! ሰሐንህን ይዘህ ወደ መጋዝህ እየሄድክ፣ ስንት ዓመት ጀርባህን ልይ?»

ጋሽ ሜትር በሆዳቸው ሳቁ። ሽንኩርት ልትከትፍበት ነው ብለው ከፍ አድርገው ጀመሩት። የለም፣ የስፌት መኪናዋን ልታሳርፍበት ነው ብለው አፈረሱና ሰፋ አደረጉት። በመጨረሻ ሦስቱን እግሮች ረዘም አድርገው አቆሙ። አራተኛው እውነቱ ሲታወቅ በልኩ ይቆረጣል፤ ሌሎቹ በእሱ ይስተካከላሉ።

ባለቤታቸው እውነቱ እስኪታወቅ አልጠበቁም። በአራተኛው ማዕዘን ሥር ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አቁመው፣ በየቀኑ ሁለት ሰሐን ፊት ለፊት ያቀርባሉ። ጋሽ ሜትር እንደቆሙ ሁለት ጊዜ ይጎርሱና ጠረጴዛው ሥር ይገባሉ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የክር ቁራጭ ይፈልጋሉ። አሥራ አንድ ዓመት ምንም አላገኙም፤ ይህም ጥርጣሬያቸውን አባሰው።

ያን ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ከላይ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ።

«የፕላስቲክ ጠረጴዛ አዝዣለሁ። ነገ ይመጣል።»

«ፕላስቲክ? እኔ ቤት?»

«ቤቱ የኔም ነው። ስማኝ አንተ ሰውዬ፣ እኔ ምሳ የምበላው ከባዶ ወንበር ጋር ነው። ነገ ብሞት መልኬ እንኳ ትዝ አይልህም!»

ጋሽ ሜትር ብቅ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረጴዛውን ገጽ አስተውለው አዩት። የቢላ ጭረት የለም፤ የመርፌ ጫፍ የወጋው የለም። በባለቤታቸው በኩል ክንድ ያለሰለሰው እንጨት ያበራል። በእሳቸው በኩል ያለው ዛሬ የተላገ ይመስላል።

«እውነትሽን ኖሯል?»

«መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

ባለቤታቸውን አስቀምጠው ከወለል እስከ ክርናቸው ለኩ፤ ሄደው እግሩ ላይ ስድስተኛውን መስመር አሰመሩ። መጋዙን ሲያነሱ «ምሳው ይቀዘቅዛል፤ ነገ ትቆርጠዋለህ» ተባሉ። ተቀመጡ። ገና ክርናቸውን ሲያሳርፉ ጠረጴዛው ተንገዳግዶ ወጡ ፈሰሰ።

ጠረጴዛ እግር ሥር ወረቀት የሚያስገባን ሰው ዕድሜ ልካቸውን ሲሳደቡ የኖሩት ጋሽ ሜትር ተነስተው መንገዱ ጥግ ወዳለው ሱቅ ሄዱ።

«ቁራጭ ካርቶን ስጠኝ እስቲ።»

«ምን ሊያደርጉበት ነው ጋሽ ሜትር?»

«ምሳ ልንበላበት።»

ባለሱቁ አላመናቸውም። ካርቶኑን ግን ሰጣቸው። እሳቸውም ለአራት አጥፈው ከቆርቆሮው ሥር አስገቡና ተመልሰው ተቀመጡ።