ሰውዬው አይሄድም

ኢምፔሪያል ጋ ከታክሲ ስወርድ ያዙኝ። ሁለት ናቸው። አንደኛው እንደ ድሮ ጓደኛ ፈገግ ብሎ ቦርሳዬን ተቀበለኝ፤ ሌላኛው «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሻለን» አለኝ። የመገናኛ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ እስከ ቀለበት መንገዱ ድረስ ተዘርግቶ ነበር። መኪናቸው ውስጥ ስገባ ያ ሁሉ ሰው አየኝ፤ ወዲያው ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ስልኩን ማየት ጀመረ። ድሮ «ምን ያድርጉ» እል ነበር፣ አልፈርድባቸውም ነበር። አሁን እፈርድባቸዋለሁ።

አምስቷ ደቂቃ ክረምቱን ሙሉ ፈጀች።

የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የበረኪናና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ደማቅ ቢጫ ዘይት ቀለም ተቀብቷል። ከተማው ሁሉ በሚታደስበት ዘመን እስር ቤቱም ዕድሳት ደርሶት ነበር። ሁለት ሴቶች እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል፤ ቢዘረጉት ለእኔ ቦታ አይኖርም። አንዷ ገርጂ ፀጉር ቤት ያላት ሴት ናት። ወንድሟን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘው መጡ። ሌላዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በምን እንደታሰረች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ከአጥሩ ማዶ ሕንፃ ይሠራ ስለነበር ቀኑን ሙሉ የሲሚንቶ ማቡኪያው ሲያጓራ ይውላል።

«በምን መጣሽ?» አለችኝ ባለፀጉር ቤቷ።

«በፊልም።»

«ፊልም ሠርተሽ?»

«አይ፣ አሳይቼ።»

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የሕንፃ ንድፍ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ያኔ የምኖረው ገርጂ ኮንዶሚኒየም ነበር። ኮሚናል የምንለው የጋራ ቤት አለን፤ ለቅሶ የምንቀመጥበት፣ በግ የምናርድበት፣ ልጅ የምንድርበት። እሑድ ከሰዓት በኋላ የቢሮዬን ፕሮጀክተር ተውሼ እዚያ ፊልም አሳይ ነበር። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ እንሰቅላለን፣ ሰዉ ወንበሩን ከየቤቱ ይዞ ይመጣል። የውጭ ፊልም ከሆነ እኔ ከፊት ቆሜ ከሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ በአማርኛ እናገራለሁ። ሲያልቅ ደግሞ አስተያየት አለ። ሰዉ ከፊልሙ ይልቅ የሚወደው አስተያየቱን ነው። ፊልሙን ተኝቶ አሳልፎ ለአስተያየቱ የሚነቃም ነበር።

ያን እሑድ ያሳየሁት የጣሊያን የፍቅር ፊልም ነው። አንድ ዓይን አፋር የመቃብር ሐውልት ጠራቢ አለ። አንድ ገጣሚ ለበጋው ብቻ ብሎ ቤቱ ክፍል ተከራይቶ ይገባል። ሁለቱ እንደ ወንድም ይዋደዳሉ፤ ጠራቢው ድንጋዩን ይቀርጻል፣ ገጣሚው ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን ቃል ይሰጠዋል። አንድ ቀን ባሏ የሞተባት ሴት ሐውልት ልታሠራ ትመጣና የጠራቢው ልብ በፍቅሯ ይጠፋል። ሐውልቱ ካለቀ በኋላም ሴትየዋ መምጣቷን አልተወችም። ጠራቢው «የምትመጣው ለእሱ ነው» ብሎ በገጣሚው ይቀናል። በጋው ያልቃል፣ ገጣሚው አይሄድም። በረዶ ይጥላል፣ አሁንም አይሄድም። ጓደኛ ነውና ሂድ አይሉት ነገር።

የገጣሚው ስም ለአፍ የማይመች ረጅም የጣሊያን ስም ነበር። ሁለት ጊዜ ሞክሬው ሰዉ ሲስቅብኝ ተውኩትና «ሰውዬው» አልኩት። ሰውዬው ተነሳ፣ ሰውዬው ወይን ጠጣ፣ ሰውዬው ግጥም አነበበ። በእኛ አገር ታክሲ ውስጥ ድምፅን ዝቅ አድርጎ «ሰውዬው» የሚል ሰው ስለ ጎረቤቱ እያወራ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስለ አገሩ መሪ ነው። እኔ ግን እንግሊዝኛው እንዳያመልጠኝ ስሮጥ ይሄ ትዝም አላለኝ።

ለአስተያየቱ መብራት ሲበራ ባንክ የሚሠራው ጎረቤታችን ሴትየዋን ወቀሰ፣ ሚስቱ እሱን ወቀሰችው። አንድ ወጣት «ሰውዬው ግን ሲሪየስሊ ሴልፊሽ ነው» አለ። ከዚያ እማማ እጃቸውን አወጡ። እማማ ሦስተኛ ፎቅ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር ሳይመጣ ጎሮ በኩል ጤፍ የሚያርስ ቤተሰብ ነበራቸው፤ መሬቱ ለልማት ተብሎ ተወሰደ። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ ቀስ ይላሉ፣ እያንዳንዱን ቃል መርጠው ነው የሚያስቀምጡት።

«እኔ የማዝነው ለድንጋይ ጠራቢው ነው» አሉ። «ሰውዬው አይሄድም። ቤቱ ጥሞታል። ድንጋዩን ለራስህ ጥረብ በሉት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም ጸጥ አለ፤ ሰው በሳቀበት ነገር ሲደነግጥ እንደሚሆነው። ያንን ሁሉ አንዱ በስልኩ ቀድቶት ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያወቅሁ ቀን ወዮለት።

መርማሪው በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን «አንተ» ስለው ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። ከዚያ በኋላ «እርስዎ» አልኩት። እርስዎ ማለት ለአያቶቼ፣ ለንስሐ አባታችን፣ ለእማማ የምሰጠው ቃል ነበር። ከስድቡም ከርሀቡም ይልቅ ያቃጠለኝ ያንን ቃል ለእሱ መስጠቴ ነው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቅጂውን ከፈተው። የእኔ ድምፅ፣ ቀጥሎ የእማማ ድምፅ፣ ቀጥሎ ሳቁ።

«ማናት?»

«ከፊት ቆሜ ነበር፤ ሰዉም ብዙ ነው። አላየሁም።»

«ሰውዬው ማን ነው?»

«ፊልሙ ላይ ያለው ገጣሚ ነው።»

ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «ሰሙን ነገርሽኝ» አለኝ። «አሁን ወርቁን አምጪ።»

ደስ ብሎት ነበር። የሆነ ጊዜ ክፍል ውስጥ ሰምና ወርቅ በትክክል ለይቶ የተጨበጨበለት ልጅ መሆን አለበት። ስንት ዘመን የቅኔ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ የተማረውን ጥበብ እሱ እናቶችን መያዣ ወጥመድ አድርጎት ቁጭ አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እነሱ ግን የጠረጠሩትን ሁሉ ነበር የሚመነጥሩት።

«ቤቱ ጥሞታል ያለችው ቤተ መንግሥቱን ነው» አለኝ። «ድንጋዩን ለራስህ ጥረብ ማለት ደግሞ ሕዝቡ መቃብሩን ይቆፍር ማለት ነው። ይቺ ሴት ተራ ሴት አይደለችም። አነጋገሯ የጎሮ አካባቢ ሰው አነጋገር ነው። የልማት ተነሺ ናት፣ አይደል? ከኋላዋ ማን አለ?»

እኛ ግቢ እንደዚያ የሚናገሩ ስንት እናቶች አሉ? ኋላ እንደሰማሁት ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ጠርተው ጠይቀዋቸው ነበር፤ ሁሉም «ተኝቼ ነበር» ብለዋል። የሚቀረው እኔ ነበርኩ። አንድ የፎቅ ቁጥር ከአፌ ቢያመልጥ እማማ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው ሲሚንቶ ላይ ሊተኙ ነው።

«እስከ ነገ አስቢበት» አለኝ። «ስሟን ስትነግሪኝ ትወጫለሽ።»

ክፍላችን ስመለስ ባለፀጉር ቤቷ የተማሪዋን ፀጉር በጣቷ ትከፍላለች፤ ማበጠሪያ ክልክል ነበር። ፊቴን አይታ «በይ ፊልሙን ንገሪን» አለችኝ። «በእሱ ከታሰርሽማ እኛም እንየው።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ማቡኪያው ሲያጓራ አቆማለሁ፣ ሲያቆም እቀጥላለሁ። ተማሪዋ ጉልበቷን አቅፋ ሰማችኝ። መጨረሻው ላይ ጠራቢው ደፍሮ ሴትየዋን ይጠይቃታል፤ «የምመጣው ለመዶሻህ ድምፅ ነው፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ድምፅ የለም» ትለዋለች። ገጣሚው ይህን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ያልሄደው ጓደኛው አፍ አውጥቶ እስኪናገር ብሎ ነው። በማግሥቱ ሻንጣውን አንስቶ ይሄዳል።

ተማሪዋ አለቀሰች። በዚያ ክፍል ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

«አይ ጣሊያኖች!» አለች ባለፀጉር ቤቷ። «ነግሮት ቢሆን ክረምቱን ሙሉ ባልተቃጠለ! እኔ ብሆን በመጀመሪያው ሳምንት አጋባቸው ነበር።»

ከዚያ የጎረቤቴን ቀልድና መርማሪው ያገኘበትን ወርቅ ነገርኳቸው። የባለፀጉር ቤቷ ጣት የተማሪዋ ፀጉር ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«ቆይ፣ ቆይ። ሰውዬው ማለት መሪው ነው ያለው ማነው? ጎረቤትሽ ናት?»

«አይደለችም።»

«አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። እሱ ነው።»

«ታዲያ መሪው ቤተ መንግሥት ጥሞታል፣ አይሄድም ያለው እሱ ራሱ ነዋ! ይታሰራ!»

ሦስታችንም በሳቅ ፈነዳን። ጠባቂዋ በሩን በዱላ እየመታች «ምን ያስቃችኋል?» አለች። ተማሪዋ እንባዋን እየጠረገች «ፊልም» አለቻት።

በማግሥቱ መርማሪው እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝ። ጥግ ላይ ቃሌን በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው አስቀምጧል። ጀግና ነበርኩ አልልም።

«ስሟ?»

«ሰውዬው የሚለውን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «የጣሊያኑ ስም አልያዝ ሲለኝ ነው ያወጣሁት። ሌላው ሰው ከእኔ ሰምቶ ነው ያለው። ይሄንን ያስጽፉ፣ እፈርማለሁ።»

«ሴትየዋን ነው የጠየቅኩሽ። ወርቁን የተናገረችውን።»

«ወርቅ የተናገረ ሰው አልሰማሁም። አይሄድም የተባለው መሪው ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር አንተ ነህ። ወርቁ ያንተ ነው። በራስህ ስም አስጽፈውና አንተው ፈርምበት።»

«አንተ» ያልኩት አውቄ ነው። ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ መጻፉን አቁሞ አንገቱን ደፋ፤ እየሳቀ ይመስለኛል። መርማሪው ወደ እሱ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንደተሰካ ቀረ። ከዚያ ተነስቶ በጥፊ መታኝ። የግራ ጆሮዬ ብዙ ቀን ጮኸ። እኔ ግን ከወንበሬ ሳልነቃነቅ፣ እንባዬም ሳይመጣ ዓይኑን አየሁት።

ስለ ወርቅ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ዝም ብሎ አቆየኝ። መስከረም ጠብቶ አንድ ጠዋት «ጉዳይሽ ተጣርቷል፣ ሂጂ» ተባልኩ። ምን እንደተጣራ የነገረኝ የለም።

ጎረቤቶቼ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ሊሉኝ መጡ። እማማ ሁሉም ከሄደ በኋላ ብቻቸውን መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ድምፄን ሰምተውታል አሉ» አሉኝ።

«ሰምተውታል እማማ። ግን እርስዎ መሆንዎን አላወቁም። አልነገርኳቸውም።»

«ገለቶሚ ልጄ» አሉ፤ በቋንቋቸው አመሰገኑኝ። ቀጥለውም «ጥሩ አድርገው ነው የሰሙት?» ብለው ጠየቁኝ።

«እየመለሱ፣ እየደጋገሙ ሰሙት። ቃል በቃል ያውቁታል።»

«ምን ማለቷ ነው ተባባሉ?»

«አዎ። ለእነሱ ስለ መሪው ነው የመሰላቸው።»

«እኔ ስለ ማሳዬ ነው ያወራሁት» አሉ። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ የደነገጡ መስሎኝ እጃቸውን ልይዝ ስል አወጡት። ተናደው ነበር። «ማሳዬን ሲወስዱ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። በማውቀው አማርኛ፣ ያለ ቅኔ፣ አቤት አልኩ። ወንበር የሰጠኝ የለም። አንድ ቀን ስለ ፈረንጅ ፊልም ብቀልድ እየደጋገሙ ሰሙኝ?»



እማማ ካረፉ ቆዩ። የእኔ ንዴት ግን አላረፈም። አሁን ሰዎች ስለዚያ ዘመን መንገድና ፎቅ ሲያወሩ አብሬ አወራለሁ፤ ከፎቆቹ አንዳንዶቹን የሳልኳቸው እኔ ነኝ። «ይቅር አላልሽም እንዴ?» የሚሉኝም አሉ። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። ከመታሰሬ በፊት እነዚያ የቢሮ ሰዎች እንደ እማማ ያለውን ሰው ዝም የሚሉት ጆሮ ስለሌላቸው ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ሳስበውም ያጽናናኝ ነበር። ጆሮማ ነበራቸው።