ጥቁር ካፖርት የለበሱት እንግዶች

ቤት ጭር ሲል ፍሪጅ ሲያጉረመርም ስሰማ ዛሬም ሳላስበው ትንፋሼን እይዛለሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረችው ምድር ቤት አፓርታማችን፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እናቴ ወርቅነሽ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ እኔንና ወንድሜን ብሩክን ከሶፋው ጀርባ ትደብቀን ነበር፤ ያንኳኳው ሰው እስኪሄድ ድረስ የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ የጥገኝነት ጥያቄያችን ውድቅ ሆኖ ከአገር እንድንወጣ የሚያዝ ደብዳቤ መጣ። በሳምንቱ እናቴ ልብሳችንን በቆሻሻ ከረጢት ሸክፋ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወንዙን አሻግራ ሜሪላንድ አስገባችን፤ አዲሱን ቤታችንንም ከሥራ ባልደረባዋ ከእትዬ አልማዝ በቀር ለማንም አልነገረችም። «ፖሊሶቹ የሚመጡት ማለዳ ነው፤ ብዙ ሆነው፣ ጥቁር ለብሰው» ትለን ነበር። እሷን ወደ ጎንደር፣ እኛን ወደማናውቀው ሰው ቤት የሚወስዱን ይመስለኝ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዋን በሩ ሥር እስካይ ድረስ እሮጥ ነበር።

ብሩክ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ግን የቤቱ አባወራ እሱ ነበር። በረዶው በወደቀበት ሰሞን፣ ምዕራብ አሜሪካ ገና ጫካ በነበረበት ዘመን ከአሳዳጆቻቸው ስለሸሹ ልጆች የሚተርክ መጽሐፍ ከላይብረሪ ተውሶ አነበበ። ልጆቹ ውሾች ዱካቸውን እንዳያነፈንፉ ወንዙን ውስጥ ለውስጥ ይሄዱ ነበር አለኝ። ከቤታችን ጀርባም ጅረት ነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ በኋላው በር አስወጥቶ እስከ ጅረቱ ያስሮጠኝና «ስሎው ነሽ፤ ይይዙሻል» ይለኝ ነበር፤ በጨዋታ ተጀምሮ በእኔ ለቅሶ ያልቅ ነበር።

ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ፣ አንድ እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ብሩክ በመጋረጃው ጥግ አጮልቆ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማሚ፣ መጡ! ብላክ ኮት ለብሰዋል፣ ብዙ ናቸው! ጎ፣ ጎ!»

እናቴ በሌሊት ልብሷ እጄን ይዛ በኋላ በር ወጣች። በባዶ እግራችን ጅረቱ ውስጥ ገብተን፣ ብሩክ እንደ መጽሐፉ ልጆች ከፊት እየመራን፣ ብርዱ አጥንታችን ድረስ እየዘለቀ ሄድን። ድንጋይ አዳልጦኝ ስወድቅ እንኳ አልጮህኩም፤ ከንፈሬን ነክሼ ተነሣሁ።

ያኔ ከኋላችን «ወርቄ! እኛ ነን፣ ወርቄ!» የሚል ድምፅ ሰማን። እትዬ አልማዝ ነበሩ። የኋላው በር ተከፍቶ ሲያዩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ተከትለውን ኖሯል። ብሩክ «ፖሊስ አይደሉም!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም እፎይ ብዬ ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሰው ተሰብስቦ በማለዳ የሚመጣው ለመርዶ እንደሆነ እኛ አናውቅም፤ እሷ ታውቃለች። ውሃው ውስጥ እንደቆመች፣

«አባቴ ነው?» አለች።

አብረዋቸው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው «በርቺ፣ ልጄ» አሉ።

«ምነው ፖሊስ በሆናችሁ!» ብላ ጮኸች።

የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበራት የአባቷን መቃብር ሳታይ ስምንት ዓመት ቆየች። እሷ ደረቷን እየመታች ስታለቅስ እኔ ፖሊስ ስላልሆኑ ደስ ብሎኝ እንደነበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አፍራለሁ።

ዛሬ ሁላችንም ወረቀት አለን። እኔ እዚያው ሜሪላንድ፣ ሎረል ነው የምኖረው። በቅርቡ የአንዲት ጓደኛዬ ወንድም አገር ቤት ሞቶ፣ ለመርዶ ከሚሄዱት ጋር በማለዳ ሄድኩ። ጥቁር ካፖርቴን መኪና ውስጥ ትቼ፣ በብርድ እየተንዘፈዘፍኩ፣ ገና ሳላንኳኳ «እኛ ነን፣ አትፍሩ» ብዬ ተጣራሁ። የስድስት ዓመት ሴት ልጇ ማን እንደሆንን እንኳ ሳትጠይቅ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ሳቀችልኝ። ፍርሃት ሳታውቅ በማደጓ ደስ አለኝ። እኔ ግን ራሷን ዳብሼ፣ ሁላችንም ከገባን በኋላ በሩን ቆልፌ ወደ እናቷ አለፍኩ።