ዕርቅ ከመርዶ በፊት

ዳንግላ ውስጥ አያ ምህረቴ አስተያየት ያልሰጡበት ጉዳይ ካለ፣ ገና ያልሰሙት ጉዳይ ነው። ሥራቸው ጋሪ መንዳት ነው፤ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ። ፈረሱ ሲደክመው እኔ ሱቅ በር ላይ ያቆሙትና አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገር ያስተዳድራሉ። ተወልደው ያደጉት ገጠር ስለሆነ ፈረሱን የሚያናግሩት በአገውኛ ነው። «ለፈረስ በአገውኛ፣ ለመንግሥት በአማርኛ ነው የሚነገር፤ የሚሰማው ግን ፈረሱ ነው» ይላሉ።

አግዳሚው ላይ ከአጠገባቸው የማይጠፉት አያ ገብረ ማርያም ነበሩ። አናጺ ናቸው፣ ቁጥብ ሰው፤ ቤታቸው ከአያ ምህረቴ ቤት ጋር ጎን ለጎን ነው። አንድ ልጃቸውን ምንይችልን ክርስትና ያነሡት አያ ምህረቴ ናቸው። ልጁ ከአባቱ ቤት ይልቅ የክርስትና አባቱ ጋሪ ላይ አደገ ቢባል ውሸት አይሆንም።

አያ ምህረቴ ስለ ሰፈር ሲያወሩ የሚጀምሩት ከአጥር ነው። «ድሮ አጥራችን ቀርከሃ ነበር። በቀዳዳው እሳት እንቀባበል ነበር፤ ማን እንዳመመው፣ ማን ጦሙን እንዳደረ ይታይ ነበር። ቆርቆሮ መጣና ጎረቤቴ መሞቱን የምሰማው በእድር ጥሩንባ ሆነ።» ስለ አገር ሲያወሩ ደግሞ ወደ ጋሪያቸው ይመለሳሉ። «አንዱን ፈረስ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱን ወደ እንጅባራ ጠምደህ ብትገርፍ ፈረሶቹ ይተርፋሉ፤ ተሰባብሮ የሚቀረው ጋሪው ነው።» ምንም ይናገሩ ምን፣ የሚጨርሱት ወደ ጓደኛቸው ዞረው «አይደለም ወይ ገብሬ?» በማለት ነው። አያ ገብረ ማርያም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዳንዴ የተባለውን ሰምተው እንደሆነም እጠራጠር ነበር። እኔ ግን «ፖለቲካውን ወደዚያ በሉልኝ፣ ሱቄን ታዘጉብኛላችሁ» እያልሁ እቆጣቸው ነበር።

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ባጃጅ ሲከለከል ጋሪ ይፈለጋል። አያ ምህረቴ ግን «በሰው መከራ ገበያ ሲደራልኝ ደስ አይለኝም» ይሉ ነበር። በዚያ ሰሞን ምንይችል ከቤት ጠፋ። አባቱ ለጠየቀ ሁሉ «መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል» አሉ። የሰሊጡ ጊዜ አልፎ ሌላ ክረምት ሲገባም መልሳቸው ያው ነበር። እኛም እሺ አልን። ጫካ መግባቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማወቃችንን ግን አንድም ቀን አላወራንበትም። ጉርብትና ትልቁ ነገሩ ይኸው ነው፤ የሚያስጎዳውን ነገር አብሮ አለማወቅ።

ከዚያ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ከላይ የመጣው ሰብሳቢ ስለ ሰላም ብዙ ተናገረና «አሁን ነዋሪው አስተያየቱን ይስጥ» አለ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። በዚህ ዘመን ማን አስተያየት ይሰጣል? አያ ምህረቴ ተነሡ።

«ጫካ ያለውም ልጃችን ነው፣ ካምፕ ያለውም ልጃችን ነው። ሁለቱንም የሚቀብረው ይኸው እዚህ የተቀመጠው ሰው ነው። እናንተም ወታደራችሁን ሰብስቡ፣ የወለደም ልጁን ይጥራ፤ ይብቃን» አሉ።

ደግ ተናገሩ። ምናለ እዚያ ላይ ቢቀመጡ! እንደ ልማዳቸው ዞር አሉና «አይደለም ወይ ገብሬ?» አሉ።

አዳራሹ በሙሉ አያ ገብረ ማርያምን አየ። ሰብሳቢውም አየ፤ አጠገቡ ወዳለው ሰውም ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ። አያ ምህረቴ ያደረጉትን ያወቁት የሰዉን ዓይን ተከትለው የጓደኛቸውን ፊት ሲያዩ ነው። ቀስ ብለው ተቀመጡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በማግሥቱ አያ ገብረ ማርያም ተወሰዱ። «ልጅህ የት ነው?» እየተባሉ ከረሙና መስከረም ሲጠባ ተፈቱ፤ ከስተው፣ አንድ ጆሯቸው አልሰማ ብሎ። ከዚያ ወዲያ አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። አያ ምህረቴ ሰላም ሲሏቸው እንዳልሰማ ሆነው ያልፋሉ። አያ ምህረቴም ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ አንድ ነገር ይጀምሩና መሐል ላይ ይተዉታል። እኔ በሁለቱም ተናደድሁ። አንዱ አፉን አይጠብቅ፣ አንዱ ልቡን አይከፍት፤ መሐል ላይ ደግሞ እትዬ ውዴ፣ የአያ ገብረ ማርያም ሚስት፣ የልጃቸውን ወሬ እንኳ የሚያጫውታቸው አጡ።

ሦስታችንም የጊዮርጊስ ማኅበርተኞች ነን። በእኛ ማኅበር ተኳርፎ ጽዋ መቀባበል የለም። ተራው ደርሶ ጽዋው ከአያ ገብረ ማርያም ወደ አያ ምህረቴ ሊያልፍ ሲል የንስሐ አባታችን ቄስ ሽመክት ገቡበት። ብዙ ተለምነው አያ ገብረ ማርያም «በማኅበሩ ዕለት ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ» አሉ። የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል፣ የተበደለ «ጣለው» ሲል ነገሩ ያበቃል። አያ ምህረቴ ይህን ሲሰሙ ደስታቸው ሌላ ነበር። ድንጋዩን ራሳቸው መርጠው ለእኔ ሊያሳዩኝ አመጡት። «ትንሽ ከሆነ በደሉን አቀለለው ይለኛል» አሉ።

ማኅበሩ ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ዕለት ከአዲስ ቅዳም ከሰል ይዞ የመጣ የአያ ምህረቴ ዘመድ ጋሪው ላይ እንደተቀመጠ ነገራቸው። ምንይችል አዲስ ቅዳም አቅራቢያ ተኩስ ላይ ሞቷል፤ ገበሬዎች እዚያው ደብር ቀብረውታል። ዘመዳቸው ቀብሩ ላይ ስለነበረ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም።

አያ ምህረቴ ሱቄ ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉትና ነገሩኝ። ድምፃችንን ሳናሰማ አለቀስን። ከዚያ ቄስ ሽመክትን አስጠራን።

«አባ፣ አሁኑኑ ሄጄ ልንገረው» አሉ አያ ምህረቴ።

«መርዶ የሚያረዳ የቅርብ ሰው ነው» አሉ ቄሱ። «ከአንተ የቀረበ የለውም። አንተ ደግሞ ደጁን አትረግጥም። ቅዳሜ ታረቁ፤ እሑድ ማለዳ አብረን እናረዳዋለን።»

«ሳያውቅ ይታረቀኝ?»

«ካወቀ በኋላማ መቼ ይታረቅሃል? የልጁን ለቅሶ ሁለታችሁ ተኳርፋችሁ ልታለቅሱ ነው?»

አያ ምህረቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ያለምወርቅ?»

«አባ ያሉት ልክ ነው። ያ ለቅሶ ያለ እርስዎ አይሆንም» አልኋቸው። ዛሬም ሌላ መንገድ አይታየኝም።

ቅዳሜ አያ ምህረቴ ያንን ከባድ ድንጋይ ትከሻቸው ላይ አድርገው የጓደኛቸው ደጅ ቆሙ። አያ ገብረ ማርያም ብዙ አላስቆሟቸውም። «ጣለው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉና ራሳቸው ወርደው ሳሟቸው። ያን ቀን ያየኋቸውን ያህል አያ ገብረ ማርያም ሲያወሩ አይቼ አላውቅም። ጠላውን በእጃቸው ቀዱላቸው።

«የተቆጣሁት ስለ መታሰሬ አይደለም» አሏቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጁን ይፈልጉታል ብዬ ፈርቼ ነው። ይኸው ግን አላገኙትም። ይመጣል። ሲመጣ ከመናኸሪያ በጋሪህ የምታመጣልኝ አንተ ነህ።»

«እሺ ገብሬ» አሉ አያ ምህረቴ።

ጽዋውን ሲቀበሉ ግማሹን ልብሳቸው ላይ አፈሰሱት። እትዬ ውዴ አይተው «አረጀህ፣ ምህረቴ» ብለው ሳቁባቸው። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ተነሥቼ ወጣሁ።

እሑድ ማለዳ ሄድን። ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ደጅ ሲቆም ምን እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም። እትዬ ውዴ በሩን ከፍተው ሲያዩን «ማን ነው? ማን ነው?» አሉ። ቄሱ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ መናገር ጀመሩ፤ አያ ምህረቴ ግን አላስጨረሷቸውም። «ገብሬ፣ ልጃችን ሞቷል» አሉ።

እትዬ ውዴ ጮኹ። እኛ ሴቶቹ ነጠላ አፋቸው ላይ አደረግን፤ መንገዱ ላይ ወታደር አለ። ጫካ ለሞተ ልጅ ድንኳን አይጣልለትም፣ ጥሩንባ አይነፋለትም። እናት በገዛ ቤቷ ጮኻ እንዳታለቅስ አፏን መያዝ! ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄም አድርጌዋለሁ፤ ማንም መጥቶ ስለ ሰላም ቢሰብከኝ አልሰማውም።

አያ ገብረ ማርያም አላለቀሱም። አያ ምህረቴን ትኩር ብለው አዩአቸው።

«መቼ ሰማህ?»

«ገብረ ማርያም፣ አሁን ይህ የሚጠየቅበት ጊዜ አይደለም» አሉ ቄስ ሽመክት።

«ሐሙስ» አሉ አያ ምህረቴ።

«እንግዲያ ትናንት ስትስመኝ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ይመጣል ስልህ፣ እሺ አልኸኝ።»

አያ ገብረ ማርያም ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ «ትናንት ይቅር ያልሁህ ልጅ ያለኝ ሰው ሆኜ ነው» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አያ ምህረቴ ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። የለቅሶውን ሰሞን ሁሉ እዚያው እየዋሉ የክርስትና ልጃቸውን አለቀሱ። ለቀስተኛው በአጠገባቸው እያለፈ ይገባል፣ ይወጣል። ግባ ያላቸውም፣ ሂድ ያላቸውም አልነበረም።