የእማማ ባንቺዓለም ንቅሳትና ረጅሙ ሌንስ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ቢመዘን ስንት ያነሳል? እኔ ይህን ስጠይቅ ሸመገልኩ፤ የቢቸናው ፎቶ አንሺ ገላው ግን ሳይጠይቅ ዕድሜውን ለአንገት ሰጠ። ለሴቶች አንገት፣ ያውም ንቅሳት ላለበት ብቻ።

ዛሬ የሚነቀስ የለም። የተነቀሱትም እያለፉ ነው። ገላው ንቅሳቱ አብሯቸው እንዳይቀበር ብሎ ያነሳዋል፤ በመስኮት ብርሃን፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም። ፍላሽ ቆዳውን አብርቶ ንቅሳቱን ያጠፋል ይላል። በስልክ አንሳ ሲሉትም «ስልክ ያሳምራል፤ ማሳመር ማን ጠየቀኝ?» ነው መልሱ።

ሞጣ ላይ ሙሐመድሁሴን የሚባል ነጋዴ የአጎቱን ፎቶ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ገላው ሄደ። ሁለት ካሜራ ቀረበለት። አንዱ ብርሃን የሚለካ፣ ግን ያለ ባትሪ የማይሠራ፤ ሌላው ባትሪ የማያውቅ፣ እንደ ወፍጮ መጅ የከበደ። ባትሪው ቢቸና ስለማይገኝ ከባዱን ያዘ። ያስቸገረው ከቀረቡለት ሁለት ሌንሶች አንዱን መምረጥ ነው። ሁለቱም ትንሽ ነገር አጉልተው የሚያነሱ ማክሮዎች ናቸው። አጭሩ ብርሃን አይቸግረውም፣ ግን ስንዝር ያህል ካልቀረቡ አያነሳም። ረጅሙ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ያነሳል፣ ግን ብርሃን ያንሰዋል።

«አጭሩን ውሰድ፤ የምትሠራው ጨለማ ቤት ውስጥ ነው» አለው ሙሐመድሁሴን።

«የሰው ሚስት አንገት ሥር ስንዝር ቀርቤ ምን ልበል?»

«ፎቶ አንሺ ነኝ በላ።»

«ባልየውስ ምን ይላል?»

ሙሐመድሁሴን አጭሩን ሌንስ ወደ ኋላ ገፋ አደረገው። «ወላሂ፣ ረጅሙን ውሰድ።»

ረጅሙን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ካሜራው «ቀጭ» ብሎ ተከፍቶ፣ ብርሃን ሰብስቦ፣ «ቀጭ» ብሎ እስኪዘጋ ሴቲቱ ትንፋሿን ውጣ መቀመጥ ነበረባት።

ከሁሉ አብልጦ የፈለገው የእማማ ባንቺዓለምን አንገት ነበር። የነቀሰቻቸው እናታቸው ናት፤ እንደዚያ ያለ የንቅሳት ድርድር ሌላ ሴት ላይ አላየም። ዓመታት እንቢ ሲሉት ኖረው፣ ልጃቸው አዲስ አበባ ልትወስዳቸው የመጣች ጊዜ አስጠሩት። «ነገ ዓባይን ከተሻገርኩ አልመለስም። ና አንሳኝ።»

የቀረው ፊልም ጥቂት ነበር። ቤቱ በተሰናባች ሞልቷል። መስኮቱ ሥር አስቀመጣቸው።

«አይነቃነቁ፣ እማማ።»

«እሺ ልጄ።»

ቀጭ ሲል አንድ ሽማግሌ ገቡ። «ኖር!» ብሎ ቤቱ ተነሳ፤ እማማም ተነሱ።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ ሽማግሌው።

«እማማ፣ አይነሱ እንጂ!»

«ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልጎለት? በስንብቴ ቀን ስድ ልባል?»

እንደገና ቀጭ ሲል የነፍስ አባታቸው ገቡ። ተነስተው መስቀል ተሳለሙ። ቀጥሎ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የጎረቤት አማች። እንዲህ የተከበሩ ሴት ኖረዋል ለካ። ፊልሙ አለቀ።

በማግስቱ መኪናው ወደ ደጀን ወረደ። ገላው ፊልሙን አጠበው። በየፎቶው ላይ ወደ ላይ የሚሸሽ ነጠላ አለ፤ አንገት የለም። ረጅሙን ሌንስ ያስመረጠው ጨዋነት ነው፤ ፊልሙን የጨረሰበትም ጨዋነት። ማንን ይውቀስ? እኔም አላወቅሁለትም።

በወሩ የዕድር ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ። ፎቶ በሚነሳበት ቤት እንግዳ ከመጣ ሥራው እስኪያልቅ ደጅ እንዲቆም፣ ካልሆነም ማንም እንዳይነሳለት ይወሰንልኝ አለ።

«ሽማግሌ ደጅ ይቁም ነው የምትለው?» አሉት ሰብሳቢው።

«ለጥቂት ጊዜ ነው፣ አባባ።»

ሰብሳቢው ቤቱን ዞር ብለው አዩት። የሚቀጥለው ጉዳይ የተቀደደው የዕድሩ ድንኳን ነው አሉ።