ኪስ ያለው አባት

ሥራ የጀመርኩ ቀን የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ወይንሸት ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ምሥራቅ?» አሉ። «ምሕረት» አልኩ። ጆሯቸውን አስጠግተው አስደገሙኝና፣ «ልጄ፣ እዚህ የሚያምጡ ሴቶች ናቸው ያሉት። በዚህ ድምፅ ‹ግፊ› ብትያቸው ማን ይሰማሻል?» አሉኝ።

ያደግኩት ወልቂጤ ነው። አባቴ አስተማሪ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው የለም። ዩኒቨርሲቲ ሚድዋይፈሪ ተምሬ በጥሩ ውጤት ተመረቅሁ፤ ድምፄ ግን እንደገባ ወጣ። ቡታጅራ ሆስፒታል ስመደብ የማውቀው ሰው አልነበረም። ሲስተር ወይንሸት ትንሽ አስበው አልትራሳውንድ ክፍል መደቡኝ። «መብራቱ ይቀነሳል፣ በሩ ይዘጋል፤ ለዓይነ አፋር የተሠራ ክፍል ነው» አሉ።

የክፍሉ ዕቃ ጥቂት ነው። ማሽኑ ከነስክሪኑ፣ ሆድ ላይ የምናንሸራትተው ፕሮብ፣ የጄል ጠርሙስ፣ ሶፍት፣ አልጋና አንድ ወንበር። እናቶች ሲተኙ የምነግራቸው አጭር ነው፤ አያምም፣ መርፌ የለውም፣ ጄሉ ግን ይቀዘቅዛል። የልጁን ልብ ምት፣ ዕድሜውን፣ አቀማመጡን፣ የሽርት ውሃውን መጠንና እንግዴ ልጁ የት እንዳረፈ እናያለን። ሰው ግን ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ወንድ ነው ሴት?»

አገሬው አልትራሳውንድን «ፎቶ» ይለዋል። አንዲት የመስቃን ሴት ጸጉሯን አዲስ ተሠርታ፣ የሰርግ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ተኝታ ጄሉን ስቀባት፣ «ሲስተር፣ ወዴት ልይ?» አለችኝ። ግራ ገብቶኝ፣ «ወደ ጣሪያው» አልኳት። እስክጨርስ ድረስ ለጣሪያው ፈገግ ብላ ቆየች።

ሙኒራ የመጣችው ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው። ባሏ ሽኩርና አማቷ እማማ ራህመት አብረዋት ነበሩ። ሽኩር ገበያ ውስጥ በርበሬ ይነግዳል፤ ከመጋዘን ቀጥታ ስለመጣ ገና በሩን ሲከፍት እኔም ሙኒራም አስነጠስን። እማማ ራህመት ማሽኑንም ጭምር ሰላም የሚሉ በሚመስል ሁኔታ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ያለችውን ወንበር ያዙ።

ፕሮቡን ሳንሸራትት አንድ ጭንቅላት አየሁ። ወደ ጎን ስሄድ ሌላ ጭንቅላት አየሁ። ያንኑ ደግሜ አይቼ እንዳይሆን ተመልሼ ተከተልኩት፤ ልቦቹን ለየብቻ ፈለግሁ። ከዚያ ሲስተር ወይንሸትን ጠራኋቸው። አዩና፣ «ንገሪያት እንጂ» አሉኝ።

«ሁለት ናቸው» አልኩ።

«ኧረ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ» አለች ሙኒራ።

«ወሩ አይደለም። ልጆቹ።»

ሽኩር ግድግዳውን ተደገፈ። እናቱ ግን ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «አልሐምዱሊላህ። በችርቻሮ ስንጠብቅ በጅምላ አስመጣህ» አሉት። ሙኒራ ስትስቅ ሆዷ እየተነቃነቀ ምስሉ ሁሉ ጠፋብኝ።

ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮ ይህን በመጀመሪያዎቹ ወራት እናውቀው ነበር። መንታ ጊዜው ሳይደርስ ሊመጣ እንደሚችል ነገርኳቸው። ደም ካየች፣ ውሃ ከፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት ወይም ምጥ ከጀመራት ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመጣ፣ ቤት ለመውለድ እንዳታስብ አስጠነቀቅሁ። ሽኩር የባጃጅ ሾፌር ጎረቤት እንዳለው ነገረኝ። እማማ ራህመት፣ «ጎረቤቱ ይተኛል፤ ሁለት ሾፌር ያዝ» አሉት።

እንደተባለውም መንታዎቹ ጊዜያቸውን አልጠበቁም። ሙኒራ በምጥ ስትመጣ ፊት ያለው ልጅ አግድም ስለነበር በቀዶ ሕክምና ወለደች፤ ሰው ስላነሰ እኔም ሕፃናቱን ልቀበል ተጠራሁ። ወንዱ ቀድሞ ወጣ፣ ሴቷ ተከተለች። ሁለቱም አልቀሱ፣ ሁለቱም በራሳቸው ተነፈሱ። አደረቅናቸው፣ ኮፍያ አደረግንላቸው። ወንዱም ትንሽ ነበር፤ ሴቷ ግን በጣም ትንሽ ነበረች። እንዲህ ያለ ልጅ ከሰውነቱ ሙቀት ቶሎ ያመልጠዋል፤ ከቀዘቀዘ ለመጥባት አቅም ያጣል፣ ትንፋሹም ይደክማል።

ዶክተሩ መጥቶ አያቸውና ለሽኩር፣ «ካንጋሮ ያስፈልጋቸዋል» ብሎ ወደ ሌላ ታካሚ ሄደ። ልጅን እርቃን ደረት ላይ አድርጎ ማሞቅ ማለቱ ነው። ሙኒራ ቁስሏ ትኩስ ነው፣ ያዞራታል፤ ከአንድ በላይ መያዝ አልቻለችም። ወንዱን ደረቷ ላይ አደረግንላት። እማማ ራህመት ያስላቸው ስለነበር ልንሰጣቸው አልቻልንም። የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ማሞቂያዎች በሙሉ ሌሎች ሕፃናት ተኝተውባቸዋል። ሴቷን ጠቅልዬ ሙቀቷን ለካሁ። ከሚፈለገው በታች ነበር። ትንሽ ቆይቼ ስለካ ደግሞ ወረደ።

አባትዬውን ፍለጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ስልክ እያወራ ነበር።

«ካንጋሮ ነው የሚባለው... አዎ፣ ለሕፃን... አንተ መርካቶ ተቀምጠህ እንዴት አታውቀውም? ጎረቤትህን ጠይቀው... ያገለገለም ቢሆን ችግር የለም!» ከዚያ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ወደኔ ዞረ። «ሲስተር፣ በመብራት ነው በባትሪ የሚሠራው?»

ሲስተር ወይንሸት ኦፕራሲዮን ክፍል ናቸው። ከኔ ሌላ የሚነግረው ሰው የለም።

«ማሽን አይደለም» አልኩት። «እርስዎ ነዎት።»

«ምኑ ነው እኔ?»

«ልጅቷን ደረትዎ ላይ እናደርጋታለን። ሸሚዝዎን... ሸሚዙ ይወልቃል።»

ስልኩን ዘጋው። «እዚህ ሴቶች በሞሉበት? እኔ? ገበያ የሰማ ሰው ምን ይለኛል?»

የሚለው ገባኝ፤ እኔም ብሆን አፍር ነበር። በእጄ የያዝኩትን ቴርሞሜትር አሳየሁት። «ይኼ ቁጥር እየወረደ ነው» አልኩ።

ያዳነኝ የእማማ ራህመት ጥያቄ ነው። ከበሩ ሆነው፣ «ለመሆኑ ይኼ ካንጋሮ የምትሉት ምንድን ነው?» አሉ።

«የሩቅ አገር እንስሳ ነው፣ እማማ። ግልገሏ ሳይጠና ይወለዳል። ሆዷ ላይ ኪስ አላት፤ እዚያ ውስጥ ሞቆ ያድጋል።»

«ኪስ?»

«አዎ፣ ኪስ።»

እማማ ራህመት ልጃቸውን አዩት። «ሰማህ? ኪስ ነው የተባልከው። ለጉራጌ ኪስ ጠፋ ሲባል ልስማ እንዴ? በል ፍታ።»

ሽኩር ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፤ አመለጠው። ሸሚዙን ሊፈታ እጁን ሲያነሳ ግን ሌላ ነገር ታየኝ፤ ጥፍሮቹ ሥር ቀይ ነው። «ቆይ!» አልኩት። በዚያ ሆስፒታል ያወጣሁት ትልቁ ድምፅ ያ ነበር፤ ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። «በርበሬው! መጀመሪያ ይታጠቡ።»

«ውነቷን ነው» አሉ እናቱ። «ልጅቷን ወጥ ልታደርጋት ነው?»

እጁን፣ ክንዱን፣ ደረቱን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበ። የለበሰውን ሸሚዝ ውጭ አስቀረን። ከሙኒራ አልጋ አጠገብ ወንበር አድርጌ ዙሪያውን በመጋረጃ ከለልኩለት። ልጅቷን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አስቀርቼ ደረቱ ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኳት፤ እግሮቿ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው፣ አፍንጫዋ እንዳይታፈን ፊቷ ወደ ጎን ዞሮ። በንጹሕ ነጠላ ከሰውነቱ ጋር አሰርኳትና ከላይ ጋቢ ደረብኩ።

ሽኩር አይንቀሳቀስም። ፊቱ ሲቀላ፣ «መተንፈስ ይችላሉ» አልኩት።

«እንዳትነቃብኝ ብዬ ነው» አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ቆይቶ፣ «ልቧ ከኔ ይፈጥናል» አለ።

ሙቀቷን ለካሁ። መውረዱ ቆሟል። ቆይቼ ደግሜ ለካሁ። ወጥቷል። ቁጥሩን ለሙኒራ ስነግራት ወንዱን እንዳቀፈች አለቀሰች። ሽኩርም ሊያለቅስ ሲል እናቱ፣ «ኪስህን ታረጥባለህ» አሉት።

በማግስቱ እማማ ራህመት በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው መጡ፤ ለሕፃናቱ ሊያቀምሱ። ጡት ብቻ እንደሚበቃቸው፣ ሌላ ነገር ሆዳቸውን እንደሚጎዳ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የሚወርደውን ቢጫ ወተት አሳየኋቸው፤ በርካቶች ቆሻሻ ነው ብለው ያፈሱታል። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «እንገር ነዋ። ላም ያለው ሰው ይህንን ከጥጃ አይነጥቅም፤ ከሰው ልጅ ምን ብለን እንነጥቃለን?» አሉ። ቅቤው ለሙኒራ ቡላ ዋለ። ሴቷ ልጅ ለመጥባት አቅም እስክታገኝ ድረስ እናቷ በእጇ እያለበች በትንሽ ኩባያ ጠብ ጠብ እያደረግን ሰጠናት።

ሽኩር ገበያውን ከወንበሩ ሆኖ በስልክ ያካሂድ ጀመር፣ በሹክሹክታ። አንድ ደንበኛ ድምፁ ምን እንደሆነ ጠየቀው መሰለኝ፣ «ኪሴ ውስጥ ሰው ተኝቷል» ሲል ሰማሁት። ሊጠይቁ የሚመጡ ሌሎች አባቶች በመጋረጃው ቀዳዳ እያዩ ይቀልዱበት ነበር። ቀልደው ከወጡት አንዱ ተመልሶ መጣና፣ «ሲስተር፣ እኔም ኪስ አለኝ፤ ልጄን ስጭኝ» አለኝ። በክፍላችን «ካንጋሮ» ማለት ቀርቶ «ኪስ» ተባለ። ሲስተር ወይንሸት ጠዋት ዙር ሲያደርጉ፣ «ዛሬ ኪስ ውስጥ ማን አለ?» ይላሉ። ዶክተሩም ለመደው።

ሴቷ ክብደት እየጨመረች፣ ጡት አጥብቃ እየሳበች ሄደች። ሲወጡ ሙኒራ ወንዱን አቅፋ ቀደመች። ሽኩር ሴቷን ደረቱ ላይ አስሮ ጃኬቱን እስከ ኮፍያዋ ድረስ ቆለፈባት። ባጃጁ በገበያው በኩል እንደሚሄድ ሾፌሩ ሲነግረው እናቱ፣ «ሰው ያይሃል» አሉት። «ይየኝ» አለና ገባ።

አዲስ ለምትመደቡ የሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ለቤተሰብ የሕክምናውን ስም ብቻ ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ ምን እንደሚደረግ ንገሩ፣ የተረዱትንም መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ደረት ይፈልጋል። እናትየው ካልቻለች አባትየው ታጥቦ ሸሚዙን ይፍታ።